ዕድሜና ዐቅም፤ አረጋውያን ሕሙማን የለጋሽ መቅኔ ከመቀበላቸው በፊት ስለሚደረግ ምዘና

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ የአሮጌ ግንባታዎችን የመሸከም ዐቅም ስለ መመዘን እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ ግብዣውን በደስታ ተቀበልሁ። ይሁን እንጂ ለመጻፍ በተቀመጥሁ ቁጥር ሐሳቤ ከድልድይና ከሕንፃ እየሸሸ ወደ አንድ ሰው ይሄድብኝ ጀመር። እኒህ ሰው አባቴ ናቸው። ስለዚህ ኮሚቴውን አስፈቅጄ፣ የመመዘኑን ነገር እንደ ያዝሁ፣ የሚመዘነውን ግን ከድንጋይና ከብረት ወደ ሰው አዙሬ፣ ዕድሜያቸው የገፋ የደም ሕሙማን ከሌላ ሰው የተወሰደ የመቅኔ ሕዋስ ከመቀበላቸው በፊት አደጋው እንዴት እንደሚመዘን ላስረዳ ተነሥቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የሕክምና ምክር የሚሻ ሐኪሙን ይጠይቅ። እኔ የምናገረው ስለ መለኪያና ስለ ቁጥር፣ ቁጥርም በሰው ሕይወት ላይ ስለሚያመጣው ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ የሁላችንም ሙያ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አስቀድሞ ስለ በሽታውና ስለ ሕክምናው ጥቂት ልናገር። ደም የሚሠራው በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። በመቅኔው ውስጥ የደም ሁሉ መነሻ የሆኑ ግንደ ሕዋሳት አሉ፤ ከእነርሱም ኦክስጅን የሚያመላልሱት ቀይ ሕዋሳት፣ ተሐዋስያንን የሚከላከሉት ነጭ ሕዋሳት፣ መድማትን የሚያቆሙት ፕሌትሌቶች ይገኛሉ። ይህ የደም መሥሪያ ከሚበላሽባቸው መንገዶች አንዱ ማይሎዲስፕላስቲክ ሲንድሮም የሚባለው ነው። በዚህ ሕመም መቅኔው ሥራውን ባያቆምም የሚሠራቸው ሕዋሳት ጐደሎ ይሆናሉ፤ በሽተኛው ደሙ እያነሰ ይደክማል፤ ከጊዜ በኋላም ሕመሙ ወደ ከባድ የደም ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። በሽታው በአብዛኛው የሚይዘው ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ነው።

ይህን በሽታ ከሥሩ ሊነቅል የሚችለው ሕክምና የተበላሸውን መቅኔ አስወግዶ በጤነኛ ለጋሽ ግንደ ሕዋሳት መተካት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስና ባልደረቦቻቸው በሰው ላይ ያደረጉትን የመጀመሪያ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1957 አሳተሙ፤ ከብዙ ውድቀትና ጥረት በኋላም ዶክተሩ እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤልን ሽልማት ኩላሊት በማዛወር ከሚታወቁት ከዶክተር ጆሴፍ ሙሬይ ጋር ተካፈሉ። ሕክምናው ከባድ ነው። አስቀድሞ በኀይለኛ መድኀኒት ወይም በጨረር የበሽተኛው መቅኔ ይደመሰሳል። ከዚያም የለጋሹ ሕዋሳት እንደ ደም በሥር ይሰጣሉ። አዲሱ መቅኔ እስኪያቆጠቁጥ ድረስ በሽተኛው ለማንኛውም ተሐዋስ የተጋለጠ ነው፤ ካቆጠቆጠም በኋላ የለጋሹ ሕዋሳት የተቀባዩን ቆዳ፣ አንጀትና ጉበት እንደ ባዕድ ቆጥረው ሊያጠቁ ይችላሉ። በዚህም ምክንያት ሕክምናው ለብዙ ዓመታት ለወጣቶችና ለጎልማሶች ብቻ የተወሰነ ሆኖ ቆየ። በሽታው የአረጋውያን፣ መድኀኒቱ የወጣቶች ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን የመደምሰሻውን መጠን ቀንሶ ቀሪውን ሥራ ለለጋሹ ሕዋሳት የሚተው ዘዴ በመገኘቱ፣ ስድሳና ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰዎችም ሊታከሙ ቻሉ። በዚያን ጊዜ አዲስ ጥያቄ ተነሣ፤ ይኸውም ከአረጋውያን መካከል ይህን ጭነት ሊሸከም የሚችለው ማን ነው? የሚል ነው።

እንግዲህ ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አንድ የቆየ ድልድይ ከወትሮው የከበደ መኪና ሊያልፍበት በታሰበ ጊዜ የተሠራበትን ዓመት ብቻ አይተን አንፈርድበትም። ዓመቱ በጥንቃቄ እንድንመለከተው ያስገድደናል እንጂ ፍርዱን አይሰጠንም። ተሸካሚዎቹን አንድ በአንድ እንፈትሻለን፤ የዛገውን፣ የሰነጠቀውን፣ ውኃ ከሥሩ የሸረሸረውን እንለያለን፤ ከሁሉም ደካማው የቱ እንደ ሆነ አውቀን የጭነቱን ልክ በእርሱ እንወስናለን። ሐኪሞቹም የደረሱበት መንገድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ወደ እርሱ ከመሄዴ በፊት ግን የአባቴን ነገር ልንገራችሁ።

አባቴ የከላላ ገበሬ ነበሩ። ከላላ ከደሴ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ መካነ ሰላም አቅጣጫ ባለው የወሎ ደጋ የሚገኝ አገር ነው። በ2011 ዓ.ም. የመኸሩ ሥራ ሲያልቅ፣ ገበያ ሲወጡ የማያርፉበት ዳገት ያሳርፋቸው ጀመር። በመጀመሪያ የእርጅና ነው ተባለ፤ ዱዓ ተደረገ፤ ማርና ቅቤ ተበላ። ደሴ ወርደው ደማቸው ሲታይ ግን እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በጥር ወር አዲስ አበባ ከእኔ ዘንድ መጥተው ከመቅኔያቸው ተቀድቶ ሲመረመር በሽታው ከላይ የጠቀስሁት መሆኑ ተረጋገጠ። የሚያድን ሕክምና ከተፈለገ ወደ ውጭ አገር መሄድ እንደሚያስፈልግ ተነገረን። ወንድምና እኅት በመቅኔ የመመሳሰላቸው ዕድል ለእያንዳንዱ ከአራት አንድ ነው። ከሦስቱ የአባቴ ወንድሞችና እኅቶች መካከል ታናሽ እኅታቸው ስትመረመር ተመሳሰለች። «ወንድሜ ይዳን እንጂ ደሜን ጨርሰው ቢቀዱትስ» ብላ ነበር ከወግዲ የመጣችው።

እዚህ ላይ ሁለት ፍርዶች በአንድ ሰው ላይ ተሰጡ። ፊታቸውን ያየ ሁሉ «እኒህ ሽማግሌ ምን ያደርግላቸዋል፤ ባሉበት ቢጦሩ ይሻላል» አለ። ወረቀታቸውን ያየ ደግሞ ገና ጎልማሳ ናቸው አለ፤ በመታወቂያቸው ላይ የተጻፈው የልደት ዘመን 1958 ዓ.ም. ነበርና። ሁለቱም ፍርዶች የተሰጡት ሳይለካ ነው።

አሁን ወደ መለኪያው ልመለስ። በሲያትል ከተማ በሚገኘው የፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ማእከል ዶክተር ሞሐመድ ሶሮርና ባልደረቦቻቸው የ1,055 ሕሙማንን መዝገብ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የነጥብ መለኪያ አወጡ። ዐሳቡ ቀላል ነው። በሽተኛው ከደሙ በሽታ ሌላ ምን ተጓዳኝ ሕመም እንዳለበት በ17 ዘርፍ ይፈተሻል፤ ለተገኘው ሁሉ እንደ ክብደቱ ነጥብ ይሰጠዋል። በመድኀኒት የሚያዝ የስኳር በሽታ፣ የልብ ምት መዛባት፣ ሕክምና የሚያስፈልገው ጭንቀት ወይም ድብርት እያንዳንዳቸው 1 ነጥብ ያመጣሉ። ሕክምና የሚሻ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ድካም፣ መካከለኛ የሳንባ ድካም 2 ነጥብ አላቸው። የልብ ቫልቭ ሕመም፣ ከባድ የሳንባ ድካም፣ ከባድ የጉበት ሕመም፣ ቀድሞ የያዘ ሌላ ካንሰር ደግሞ እያንዳንዳቸው 3 ነጥብ ይይዛሉ። ነጥቦቹ ይደመራሉ።

መለኪያው በተፈተነበት ክፍል የተገኘው ውጤት ይህን ይመስላል። ምንም ነጥብ ከሌላቸው መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ የደም በሽታው ሳያገረሽባቸው በሕክምናው ጠንቅ የሞቱት ከመቶ 14 ነበሩ። 1 ወይም 2 ነጥብ ካላቸው መካከል 21፤ 3 እና ከዚያ በላይ ካላቸው መካከል 41 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሕክምናው እየተሻሻለ አደጋው ቀንሷል፤ ነገር ግን የደረጃው ቅደም ተከተል ዛሬም ይሠራል። እኒያው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ዕድሜን ራሱን ከነጥቡ ጋር ሲያገናኙ፣ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ መሆን የሚያመጣው 1 ነጥብ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እስቲ ይህን ልብ በሉልኝ። በዚህ ሚዛን ላይ ዓመት የሚመዝነው የስኳር በሽታን ያህል ነው፤ የደከመ ሳንባ ግን ሦስት እጥፍ ይከብዳል።

የሳንባው ነገር የአባቴም ነገር ሆነ። በመጋቢት ወር ስፓይሮሜትር በሚባለው መሣሪያ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ በኀይል የሚያወጡት አየር ተለክቶ 1.90 ሊትር ሆነ። ይህ ቁጥር ብቻውን ትርጉም የለውም፤ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ቁመትና በዚያ ጾታ ካለ ጤነኛ ሰው ከሚጠበቀው ጋር ተነጻጽሮ በመቶኛ ይነገራል። መሣሪያው የ53 ዓመት ሰው ሊያወጣ የሚገባው 3.00 ሊትር ነው ብሎ ስላሰላ፣ የአባቴ ውጤት ከመቶ 63 ሆነ። በሲያትሉ ሚዛን ከመቶ 65 እና ከዚያ በታች ከባድ የሳንባ ድካም ነው፤ ነጥቡም 3 ነው። ወረቀቱን ወደ ውጭ አገር ላክን። በሚያዝያ ወር የመጣው መልስ በሽተኛው ከፍተኛ አደጋ ካለው ምድብ ውስጥ ስለሚገቡ ሕክምናው እንደማይመከር የሚገልጽ ነበር። አዘንን፤ ተቀበልነው። ቁጥር ነውና ማን ይከራከረዋል?

በሐምሌ ወር አንድ ማታ ታናሽ ወንድሜ ወረቀቶቹን እያነበበላቸው ሳለ «ዕድሜ፣ ሃምሳ ሦስት» ሲል አባቴ ሣቁ። «ይህ የማን ወረቀት ነው?» አሉ። «እኔ በስድሳ ስድስቱ ረኀብ ጊዜ ጠምጄ አርስ አልነበረም?» በሬ ጠምዶ የሚያርስ የስምንት ዓመት ልጅ የለም። ወደ ከላላ ስልክ ደውለን ሽማግሌዎች ተጠየቁ፤ እነርሱም የማን ሠርግ በማን ሠርግ ፊት እንደ ነበረ፣ መሬት ላራሹ ሲታወጅ ማን አባወራ ሆኖ መሬት እንደ ደረሰው እየቈጠሩ አባቴ በ1949 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱ መሆናቸውን አረጋገጡ። በወረቀቱና በእውነቱ መካከል ዘጠኝ ዓመት አለ። የሰው ሳንባ ከጎልማሳነት በኋላ በየዓመቱ ሠላሳ ሚሊ ሊትር ገደማ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ከ62 ዓመት ሰው የሚጠበቀው 3.00 ሳይሆን 2.75 ሊትር ያህል ነው። 1.90 ለ2.75 ሲካፈል ከመቶ 69 ይሆናል። 3 የነበረው ነጥብ 2 ሆነ፤ ከፍተኛ የተባለው አደጋ መካከለኛ ሆነ። ሰውየው በዘጠኝ ዓመት ሲያረጁ ሳንባቸው በረታ።

ክቡራን ባልደረቦቼ፣ ያን የልደት ዘመን በመታወቂያው ላይ ያስጻፈው ማን እንደ ሆነ ሳልነግራችሁ ባልፍ ንግግሬ ሐቀኛ አይሆንም። እኔ ነኝ። በ2000 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ ለዕረፍት አገር ቤት በሄድሁ ጊዜ አባቴ መታወቂያ ሊያወጡ ቀበሌ ይዤአቸው ሄድሁ። ጸሐፊው ዓመተ ምሕረቱን ሲጠይቅ አባቴ «እሱ የተማረው ያውቃል» አሉ። እኔም ፊታቸውን አየት አድርጌ በግምት አንድ ቁጥር ተናገርሁ። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። የአፈርን የመሸከም ዐቅም ሳይለካ በግምት የሚጽፍ ባልደረባ ቢኖር ከሥራ እንዲባረር የምፈርድ ሰው፣ ያልለካሁትን ቁጥር በአባቴ ላይ ጻፍሁ፤ ቁጥሩም ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ በሆስፒታል ወረቀት ላይ ተገኘ። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስድሳና ሰባ ዓመት ከሆናቸው ወላጆቻችን መካከል የብዙዎቹ ዕድሜ እንዲሁ በአንድ ደቂቃ ግምት የተጻፈ ነው።

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያ ነገር፣ ዓመትን በማያስተማምን መዝገብ በሚኖር ሕዝብ ዘንድ የዐቅም ምዘና ከሌላው አገር ይልቅ የሚያስፈልግ መሆኑን ነው። ደግነቱ ይህ ምዘና ሁልጊዜ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከቺካጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ተቀባዮች ከሕክምናው በፊት መርምሮ፣ የዕለት ኑሯቸውን ራሳቸው ማከናወን የተሳናቸውና እርምጃቸው የዘገመ ሰዎች ከሌሎቹ ያነሰ ዕድሜ እንደ ኖሩ አሳይቷል። እርምጃን ለመለካት አራት ሜትር ወለልና የእጅ ሰዓት ይበቃል። ሐኪሞቹ ከዚህ ጋር የእጅን የመጨበጥ ኀይል፣ የማስታወስ ችሎታን፣ ሳያስቡት የቀነሰ የሰውነት ክብደትን፣ በደም ውስጥ ያለውን የአልቡሚን መጠን፣ በቤት ውስጥ አስታማሚ መኖር አለመኖሩን ይመለከታሉ። የዚህ ሁሉ ዓላማ በሽተኛውን ለመጣል ብቻ አይደለም። የደከመው ተሸካሚ ከታወቀ ከጭነቱ በፊት ሊጠገን ይችላል፤ ክብደት የቀነሰ ይመገባል፣ ጡንቻው የላላ እንዲንቀሳቀስ ይደረጋል፣ የመደምሰሻውም መጠን እንደ ዐቅሙ ይቀነሳል።

ሁለተኛው ትምህርት መለኪያ ሁሉ ከተወለደበት አገር ልማድ ይዞ የሚመጣ መሆኑ ነው። የዕለት ኑሮ ችሎታን ለመጠየቅ በዓለም የታወቀው የሎተንና የብሮዲ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣ ሲሆን ስምንት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ስልክ መጠቀም፣ ዕቃ መግዛት፣ ምግብ ማብሰል፣ ቤት ማሰናዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ በመጓጓዣ መሄድ፣ መድኀኒትን በሰዓቱ መውሰድ፣ ገንዘብን ማስተዳደር። አባቴ በሕይወታቸው ወጥ ሠርተው አያውቁም፤ ልብሳቸውንም አጥበው አያውቁም። በዚህ መጠይቅ ቢመዘኑ ጤነኛ ሳሉም ደካማ ይባሉ ነበር። ለከላላ ሽማግሌ የሚስማማው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሞፈርና ቀንበር ተሸክመው ማሳ ይወርዳሉ ወይ? ገበያ ደርሰው በዚያው ቀን ይመለሳሉ ወይ? በሽምግልና ተቀምጠው የሁለቱን ወገን ቃል ይዘው ይፈርዳሉ ወይ? ለሴቶችም እንስራ ማዘል፣ እንጀራ መጋገር፣ ጥጥ መፍተል አለ። ጥያቄውን እንደ አገሩ መለወጥ መለኪያውን ማላላት አይደለም፤ መለኪያውን ማስተካከል ነው።

ሦስተኛው የአገራችን ሰው አካል የሚሸከመውን ሸክም ማወቅ ነው። የልብ ቫልቭ ሕመም 3 ነጥብ እንዳለው ተናግሬአለሁ። በእኛ አገር በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት ያድጋል፤ ስለዚህ በሌላ አገር በወጣትነት የተረሳ ነገር በእኛ ሽማግሌ ልብ ላይ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። የጉበት ቫይረስም በአገራችን የተስፋፋ ነው። በደጋው ቤት ደግሞ እሳቱ በማገዶና በኩበት ነው፤ ያ ጢስ ዕድሜ ልክ ከሳንባ ይገባል። በተለይ ሴቶች ሲጋራ አጭሰው ባያውቁም ሳንባቸው ያጨሰ ሰው ሳንባ ሊመስል ይችላል። «ያጨሳሉ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም «የለም» የሚል እውነተኛ መልስ ያገኛል፤ እውነቱን ግን አያገኝም።

የመሣሪያው ነገር አራተኛው ነው፤ ይህ በቀጥታ እኛን ይመለከታል። የሳንባ ሁለተኛው ልኬት ጋዝ ከሳንባ ወደ ደም የሚያልፍበትን መጠን የሚያሳየው ነው። ይህ ልኬት በሄሞግሎቢን መጠን ይለወጣል፤ ደሙ ያነሰ ሰው ሳንባው ጤነኛ ቢሆንም ቁጥሩ ዝቅ ይላል። መቅኔ የሚተካለት በሽተኛ ደግሞ ደሙ ያነሰ ነው! ስለዚህ በሲያትሉ ሚዛን ሳይቀር ቁጥሩ ለሄሞግሎቢን ታርሞ ነው የሚነበበው። የአየሩ ስስነትም እንዲሁ ይለውጠዋል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ መሆኗን መሣሪያው ካልተነገረው አያውቅም። መሣሪያው በየጊዜው በታወቀ የአየር መጠን መፈተኑ፣ የሚያነጻጽርበት ሰንጠረዥ ለየትኛው ሕዝብ የተዘጋጀ መሆኑ፣ የገባበት ዕድሜና ቁመት ትክክል መሆኑ በውጤቱ ወረቀት ላይ ሊጻፍ ይገባል። ከመቶ 65 እና ከመቶ 66 መካከል ያለው አንድ ቁጥር ሰውን ከአንድ ምድብ ወደ ሌላ ምድብ የሚያሻግር ከሆነ፣ የመለኪያው ስሕተት ከአንድ ቁጥር እንደሚበልጥ ማወቅና ወሰኑ ላይ ያለውን ሰው ዳግመኛ መለካት ይገባል።

የአባቴን ታሪክ ልጨርስ። የታረመው ወረቀት በነሐሴ ተላከ፤ በመስከረም 2012 ዓ.ም. «ይምጡና እንመርምራቸው» የሚል መልስ መጣ። ቤተሰቡ ተሰበሰበ። የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ ነበር፤ ቤት ለመሸጥ የተነሣም ነበር። እኔ ለአባቴ አደጋውን ማስረዳት ፈለግሁ። በሰፌድ ላይ መቶ ባቄላ ቈጥሬ ዘረጋሁና «አባባ፣ እንደ አንቱ ያሉ መቶ ሰዎች ቢሄዱ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሕክምናው ራሱ የሚገድላቸው እኒህን ያህል ናቸው» ብዬ ሃያ አንዱን ለይቼ አነሣሁ። የቀድሞው ወረቀት ቢሆን ኖሮ አርባ አንዱ ይነሣ እንደ ነበረም አሳየኋቸው። አባቴ ሰፌዱን ትኩር ብለው አዩና «የምሄድበትን ቈጠርህልኝ» አሉ፤ «የምቀርበትንስ? ሳልሄድ ብቀር ከዚህ ላይ ስንቱ ይነሣል?»

መልስ አልነበረኝም። ሙያዬ ይህን ጥያቄ ሊያስተምረኝ ሲገባ አላሰብሁትም ነበር። ድልድይ አርጅቷል ብለን ስንዘጋ ሥራችን አለቀ እንላለን፤ ሰውና ከብት በክረምት ያንኑ ወንዝ በእግሩ ሊሻገር እንደሚገባ፣ ከሚሻገረውም ውኃ የሚወስደው እንዳለ በሒሳባችን ውስጥ አናስገባም። ለአባቴ ጥያቄ መልስ የሚሆን ትልቅ ጥናት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 75 የሆኑ፣ ከባድ ደረጃ ላይ የደረሰ ይኸው በሽታ ያለባቸውና የተቀነሰውን ሕክምና ሊሸከሙ ይችላሉ የተባሉ 384 ሰዎች ተመዘገቡ። ከሦስት ዓመት በኋላ ተስማሚ ለጋሽ ከተገኘላቸው መካከል ከመቶ 47.9 በሕይወት ነበሩ፤ ካልተገኘላቸው መካከል ግን 26.6 ብቻ። ይህ ልዩነት ከ65 ዓመት በላይ በሆኑትም ላይ ታይቷል። ቁጥሩ የሁሉም ሰው አይደለም፤ የአንድን ሰው ዕጣም አይናገርም። ነገር ግን «አርጅተዋልና ይቅርባቸው» ማለት ከአደጋ ነጻ የሆነ ፍርድ አለመሆኑን ያስረዳል።

አባቴ ሄደው ቢሞከር ይሻላል ብለው ወሰኑ። በጥቅምት ወር ለጉዞው የመጨረሻ የደም ምርመራ ሲደረግ በሽታው ወደ ከባድ የደም ካንሰር ተለውጦ ተገኘ። ጉዞው ቀረ። ወደ ከላላ ተመልሰው በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ዐረፉ። በሚያዝያ ቢሄዱ ይድኑ ነበር ልል አልችልም፤ ከመቶ ባቄላ የትኛው እንደ ነበሩ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ከሚያዝያ እስከ መስከረም ያለፉትን ወራት የወሰደባቸው በሽታው ሳይሆን ያልተለካ ቁጥር መሆኑን አውቃለሁ።

በመጨረሻም ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በአገራችን ኩላሊትን ከለጋሽ ወደ በሽተኛ ማዛወር እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀምሯል፤ ስለዚህ በሽተኛንና ለጋሽን አስቀድሞ መመዘን ለሐኪሞቻችን እንግዳ ሥራ አይደለም። ለመቅኔም ቢሆን፣ ሕክምናው በውጭ አገር የሚደረግ በሽተኛ ምዘናው አስቀድሞ በአገሩ ቢደረግ፣ ቤተሰቡ በሬና ቤት ከመሸጡ በፊት እውነቱን ያውቃል። እኛ በየሆስፒታሉ በመሣሪያ ተከላና ጥገና የምንሠራ አባላት ሦስት ነገር ማድረግ እንችላለን። የሳንባና የልብ መለኪያዎች የተፈተኑበት ቀን በእያንዳንዱ ውጤት ላይ እንዲጻፍ እናድርግ። መሣሪያው የሚያነጻጽርበትን ሰንጠረዥና የቦታውን ከፍታ አስተካክለን ለሐኪሙ እናስረክብ። ዕድሜ በሚጻፍበት ቦታ ደግሞ «በምን ታወቀ?» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር እንጠይቅ፤ በምዝገባ፣ በሽማግሌ ቈጠራ ወይስ በግምት?

ከሁሉ በላይ ግን ወላጆቻችን ገና ደኅና ሳሉ አጠገባቸው ተቀምጠን ዕድሜያቸውን እናስቈጥር። ጊዜ የሚፈጅ ሥራ አይደለም፤ አንድ የቡና ሰዓት ይበቃል። እኔ ያን ሰዓት ያገኘሁት ዘግይቼ ነው።